በጥጋብ የሞተው ባትሪ

ባትሪ የሚሞተው በረሃብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በጥጋብም ይሞታል። ይህን የተማርኩት ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ አጠገብ ከነበረችው አፓርታማዬ የኩሽና መስኮት ሥር ነው።

ነገሩ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። ያኔ ፌርፋክስ ላይ የእኛ ሰው የሚባል ነገር ብዙ አልነበረም፤ አንድ ምግብ ቤት፣ አንድ የቅመም ሱቅ፣ እና እኔ። ራሴን እንደ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር የምቆጥረው። አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ለሴቶች ሠላሳ ስድስት፣ ለሐኪም ሃምሳ እል ነበር። ሥራዬ የሰው መኪና ፓርክ ማድረግ ነው። ትልቅ ሕንጻ ሥር ገብቼ ጠዋት የመጣውን መኪና ሁሉ እየተቀበልኩ እደረድራለሁ፣ ማታ መልሼ አወጣለሁ። በቀን አንድ ሺህ መኪና እነዳ ነበር ብላችሁ፣ የጨመርኩት ዘጠኝ መቶውን ብቻ ነው። የራሴ መኪና ግን አልነበረኝም፤ ወደ ቤቴ የምገባው በአውቶቡስ ነው። ጓደኛዬ በዚህ አይምረኝም።

"ሎስ አንጀለስ ውስጥ እንዳንተ ብዙ መኪና የነዳ የለም፤ ከሃያ ሜትር በላይ ግን ሄደህ አታውቅም" ይለኛል።

እሱ ሩቅ ሂያጅ ነበር። በሞተር ሳይክል የጠበቆች ወረቀትና የፊልም ቆርቆሮ ከካልቨር ሲቲ ስቱዲዮዎች እየተቀበለ እስከ ቶራንስ ድረስ ያደርሳል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከእኔ ስምንት ዓመት የሚያንስ ሰው ነው። ከእኛ ሰው መካከል መመሪያ ሲያነብ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። እኛ ዕቃ ስንገዛ ከካርቶኑ ጋር መመሪያውን እንጥላለን፤ እሱ መመሪያውን ካልጨረሰ ዕቃውን አይነካም። ሞተሩ ቀይ፣ ጃፓን ሠራሽ፣ ሁልጊዜ የተወለወለ ነው። እኔ ከኋላ ተፈናጥጬ ስሄድ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። "መቶ ማይል እየነዳ ነፍሴን ክሬንሾው ላይ ጣላት፣ እስካሁን እየፈለግኳት ነው" እያልኩ ለሰው አወራለሁ። እውነቱን ከተናገርን ከሠላሳ አምስት አያልፍም ነበር፤ መመሪያው ላይ ያለውን ነው የሚነዳው።

አንድ ጊዜ፣ የፈረንጅ ገና ሰሞን፣ እግሩ አበጠ። ቦቲ ጫማው አልገባ ብሎት ሲታገል አይቼ፣ "ጠገብክ ማለት ነው፣ እግርህ እንኳ ወፈረ" ብዬ ቀለድኩበት። ኩላሊቱ ነበር። ሐኪም ቤት ገብቶ ሲወጣ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ ተኝቶ ደሙን የሚታጠብ ሰው ሆኖ ወጣ።

ተስፋ ግን ነበረው። ዳላስ የሚኖር ታናሽ ወንድሙ ተመርምሮ ኩላሊቱ ገጠመ፤ ጁን ላይ አንዱን ሊሰጠው ቀጠሮ ተያዘ። ሶ፣ እስከ ጁን መቆየት ብቻ ነው። እስከዚያ ሞተር መንዳት ክልክል ነው ተባለ። እሱ የሚኖረው ካልቨር ሲቲ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሞተሩን መንገድ ላይ ነው የሚያቆመው። የእኔ ቤት ደግሞ ምድር ላይ ሆኖ የኩሽናው መስኮት መኪና ማቆሚያው ላይ ይከፈታል። መኪና የሌለው ሰው መኪና ማቆሚያ ይዞ ይኖር ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ክልከላውን ለአንድ ቀን ጥሶ ሞተሩን ራሱ ቀስ ብሎ ነድቶ አመጣልኝ። ከቦርሳውም መዳፍ የምታክል ጥቁር ሳጥን አወጣ፤ ቀይና ጥቁር ቆንጣጭ ያላቸው ሁለት ሽቦዎች ተንጠልጥለውባታል።

"ይቺ ትሪክል ቻርጀር ትባላለች" አለኝ። "ባትሪውን ጠብ ጠብ እያደረገች ነው የምትሞላው። ሞተር ሲቆም ባትሪው ምንም ሳይሠራ ይደክማል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ትሰካታለህ፣ ስትመለስ ትነቅላታለህ። ኦኬ?"

"ቅዳሴው ከረዘመስ?"

"ቢረዝምም ግድ የለም። ግን ትነቅላታለህ።"

"ነቀልኳት።"

"ገና አልሰካሃትም እኮ።"

"በሐሳቤ ነው የነቀልኳት።"

አልሳቀም። መቀመጫውን አንስቶ ባትሪውን አሳየኝ። ጎኑ ላይ ሁለት መስመር አለ፤ ውሃው በሁለቱ መካከል መሆን አለበት። ከታችኛው መስመር ከወረደ የተጣራ የባትሪ ውሃ ይጨመርበታል፤ የቧንቧ አይሆንም።

"ይቺ ቻርጀር ባትሪው ሲሞላ ራሷን አታጠፋም" አለ፣ ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ። "ሰክተህ ከተውካት ውሃውን እያፈላች ትጨርሰዋለች። ባትሪው ደርቆ ይቀራል። ሰማኸኝ አይደል? ጁን ላይ ቁልፉን ሳዞር መነሳት አለበት።"

ሰምቼዋለሁ። ያላደረግኩት ማመኑን ነው። እኔ ባደግኩበት ቤት እንግዳ "በቃኝ" ሲል እውነቱን ነው ብሎ የተቀበለ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው በቃኝ ጨዋነት ነው። ሁለተኛውም ጨዋነት ነው። ሦስተኛው ላይ ምናልባት ሰውዬው ትንሽ ጠግቦ ይሆናል፤ ያኔ ነው ደህና አድርጎ ማጉረስ የሚጀመረው። እንዲህ ሆኖ ላደገ ሰው ነው እንግዲህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም በጠብታ፣ መግብ የተባለው። ድመት እንኳ በዚህ አይኖርም።

የመጀመሪያውን እሁድ እንደታዘዝኩት ነቀልኩ። በሁለተኛው እሁድ "ትንሽ ይጨምርለት" ብዬ ለሰኞ አሳደርኩት። በሦስተኛው ሰክቼ ተውኩት። ከኩሽናው ሶኬት የተነሳው የኤክስቴንሽን ገመድ በመስኮቱ ወጥቶ መቀመጫው ሥር ገባ፣ እዚያው ከረመ። ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ የማደርገው ሳጥኗን መዳሰስ ነበር። ትሞቃለች። ስትሞቅ ደስ ይለኛል፤ እየበላ ነው ማለት ነው።

ምግብ ቤቱ ውስጥ ወሬው ሁሉ ይኸው ሆነ። የቤቱን ባለቤት ትልቅ ትንሹ "እትዬ" ነበር የሚላቸው። ገና ከበሩ ስገባ፣ "ልጅህ እንዴት ሰነበተ?" ይሉኛል።

"ጡት አልጥልም ብሏል፣ እትዬ።"

"ጥርስ አላወጣም?"

"ሁለት አውጥቷል። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር።"

"እንዲያው አንተ ባትሪ ትወልድ! ሚስት እንዳታገኝ ማን ረገመህ?"

እሁድ እሁድ ጓደኛዬ ይደውላል።

"ነቀልክ?"

"ነቅያለሁ።"

"ውሃውን አየኸው?"

"እስከ አንገቱ ነው" እለዋለሁ፤ መቀመጫውን አንስቼ አላውቅም። ያኔ ውሸት አልመሰለኝም። እሱ ቁጥብ ስለሆነ፣ እኔ በልግስና የማርምለት ነበር የመሰለኝ።

ለራሱም እንደዚያው ነበር። ኩላሊቱ ስለማይሠራ፣ የጠጣው ውሃ ማሽኑ እስኪያወጣለት ሰውነቱ ውስጥ ነው የሚቆየው። ስለዚህ የቀኑን ውሃ ጠዋት በትንሽ ጠርሙስ ይለካና ጎኑ ላይ ፕላስተር ይለጥፋል፤ ከዚያች መስመር አንዲት ጠብታ አያልፍም። ጨው የለም፣ ሙዝ የለም፣ ብርቱካን የለም። ሊጠይቀው የሚሄደው ሰው ግን ባዶ እጁን አይሄድም። ድስት ሙሉ ወጥ ይመጣል፣ ጭማቂ በጋሎን ይመጣል። እሱ አመስግኖ ይቀበልና አብሮት ለሚኖረው ሰው ይሰጣል። ያ ሰው በሦስት ወር ውስጥ በር በጎን ሆኖ መግባት ጀመረ።

"ለምን አትነግራቸውም?" ብለው፣ "ነግሬያቸው ነበር" አለኝ። "'ውይ በሞትኩት' ብለው ያለቅሳሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ድስቱን አሳድገው ይመጣሉ።"

ፋሲካ መጣ። እትዬ እሁድ ቀትር ላይ ምግብ ቤታቸውን ዘግተው ዘመድ የሌለውን ሁሉ ጠሩ፤ ዘመድ ያለው ደግሞ ማናችን ነበርን? ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ሁለት ረጅም ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥን። እሱ ኮቱ ሰፍቶት መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ከኪሱ ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ አወጣ። ጨው የሌለው ሩዝ ነው። ሁሉም ሰው የሃምሳ አምስት ቀን ጾም በዶሮ ሲፈታ፣ እሱ ሩዙን በማንኪያ ይለቅማል።

"ፋሲካ ነው እኮ ልጄ!" አሉት እትዬ ከዳር ሆነው።

"በቃኝ፣ እትዬ። እግዜር ይስጥልኝ።"

ጠረጴዛው ጭር አለ። በድግስ መሃል ጭር ያለ ነገር ደግሞ እኔ አልችልም፤ ሥራዬ እሱን መስበር ነው። አዘንኩለት። ይሄ አንዱ ነው። ሰው እንዲስቅልኝም ፈልጌያለሁ። ይሄም አለበት፤ ዛሬ የትኛው እንደሚበዛ ብትጠይቁኝ አላውቅም። የሕፃን ራስ የሚያክል ጉርሻ ጠቅልዬ አነሳሁ።

"በሞቴ!"

"ተው" አለኝ ቀስ ብሎ።

"በሞቴ አልኩህ! ይኸው ሠላሳ ሰው እያየኝ ልሙትልህ?"

"ተው አልኩህ።"

"ቅበሩኝ በቃ!" ብዬ ወንበሬ ላይ ወደ ኋላ ተዘረርኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ለአፍታ አየኝና አፉን ከፈተ።

አንዱ አይበቃም ተባለና ደገምኩ። ከማዶ ሌላ እጅ መጣ፣ ከጎን ሌላ። እትዬ እንባ በዓይናቸው ሞልቶ በእጃቸው አጎረሱት። ጠጅ ተቀዳለት። መጀመሪያ ከንፈሩን ብቻ አስነካው። ከዚያ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ እስከ መጨረሻው ጨለጠው። ሌላ ተቀዳለት፣ እሱንም። የወራት ጥም እንዴት እንደሚጠጣ ያን ቀን አየሁ። ጉንጩ ቀላ፣ አወራ፣ እኔን እየጠቆመ "ይሄ ሰው እኮ ሃያ ሜትር ብቻ ነው ነድቶ የሚያውቀው" ብሎ ጠረጴዛውን ሁሉ አሳቀ። "አያችሁ?" አልኩ እኔ። "ሰው በጠብታ አይኖርም!"

በማግስቱ ሰኞ ቀትር ላይ ሥራ ቦታ ስልክ መጣልኝ። መተንፈስ አቅቶት በአምቡላንስ ወስደውታል።

ስደርስ አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ነበር። ነርሷ ወደ ኮሪደሩ ወሰደችኝና ሳንባው ላይ ውሃ እንደሞላ፣ ልቡም እንደደከመ ነገረችኝ። "ምን በልቶ ነበር?" አለችኝ። በእንግሊዝኛ የሚመልስ አፌ፣ ለትራፊክ ፖሊስ እንኳ ተረት የሚፈጥር አፌ፣ ያን ዕለት "ሆሊደይ" ብቻ አለ።

እሮብ ዕለት ትንሽ ተሻለው። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ሞተሩ ነው።

"ደህና ነው?"

"ጮማ ሆኗል።"

"አንድ ነገር አድርግልኝ" አለ፣ በየሁለት ቃሉ እየተነፈሰ። "ቅዳሜ፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት እደውልልሃለሁ። ስልኩን በመስኮቱ አውጣውና አስነሳልኝ። ድምፁን ልስማው። ጁን ድረስ ካላየሁት ... ድምፁን ብቻ።"

ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት። በመጨረሻ ለሰው የሚረባ ሥራ ተሰጠኝ። ቅዳሜ ፀጉሬን አበጥሬ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ፣ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ላይ ወጣሁ። ገመዱን ነቀልኩ። ሞተሩ ላይ እንደ ጄኔራል ተቀመጥኩ። ቁልፉን አዞርኩ፣ ተጫንኩ።

ቅ።

ደግሜ ተጫንኩ። ቅ እንኳ የለም። መቀመጫውን ያነሳሁት ከዚያ ሁሉ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። የባትሪው ጎን አብጧል። በሁለቱ መስመሮች መካከል ውሃ የለም፤ ከታችኛውም በታች የለም። ክዳኑን ፈትቼ ወደ ውስጥ ሳይ የእርሳስ ብረቶቹ ደርቀው፣ ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር ለብሰው ቆመዋል። የፈረንጆቹን ክረምት ሙሉ ሳበላው የከረምኩት ነገር በውሃ ጥም ነው የሞተው።

ስልኩ ጮኸ።

ከሰው መኪና ባትሪ መበደር ይቻል ነበር፤ ይህን የማውቀው ዛሬ ነው። ያን ሰዓት አንጎሌ ባዶ ነበር። ሮጬ ገብቼ ስልኩን አንስቼ፣ "ዝግጁ ነህ?" አልኩት።

"ዝግጁ ነኝ።"

ስልኩን እስከ መስኮቱ ጎትቼ አንገቴን ወደ ውጭ አወጣሁ። አፌን ወደ እሱ አስጠግቼ በአፌ አስነሳሁት። መጀመሪያ ማንሻውን፣ ከዚያ ሞተሩን፣ ከጉሮሮዬ ሥር እያወጣሁ። ነዳጅ ሰጠሁት፣ አጓራሁት፣ ዝቅ አደረግኩት፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ሦስተኛ። ከላይ ፎቅ አንዲት አሮጊት መስኮት ከፍተው አዩኝ። ላቤ በአንገቴ ወረደ። በሕይወቴ እንደዚያ አስመስዬ አላውቅም። ሲደክመኝ ቀስ ብዬ አጠፋሁት።

"እህስ?" አልኩ።

መጀመሪያ የመጣው የኦክስጅኑ ፉጨት ነው። ከዚያ እንዲህ አለ፦

"ቆሞ ማርሽ የሚቀይር ሞተር ዛሬ ገና ሰማሁ።"

ላቤን በሸሚዜ እጅጌ ጠረግኩ።

"ደግሞ ማርሽ ስትቀይር ፍሪሲዮን አልያዝክም" አለ። ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። ሳሉ ሲያልፍለት፣ "ስንት ሳምንት ሳትነቅለው ቆየህ?" አለኝ።

በማግስቱ እሁድ ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ እሱ ሄድኩ። በመንገዴ ሁሉ ቀልድ ሳዘጋጅ ነበር፤ አልጋው አጠገብ ስቀመጥ አንዱም አልመጣም።

"ባትሪውን ገደልኩት" አልኩት።

"አውቃለሁ። ሌላ ይገባለታል።"

"ፋሲካ ዕለትስ ... ለምን እምቢ አላልከኝም?"

"ሁለቴ ተው ብዬሃለሁ።"

ይህን ያለው ሳይቆጣ ነው። ሰዓት ስንት ነው ሲሉት እንደሚነግር ሰው ነው ያለው። ጭንቅላቴን አቀረቀርኩ። አልጋው ጎን ፕላስተር የተለጠፈባት ጠርሙሱ ነበረች፤ ከቤት ያመጣለት አብሮት የሚኖረው ሰው ይመስለኛል። ውሃዋ ልክ መስመሩ ላይ ነበር፤ ከቀኑ ድርሻው ገና አልጠጣም።

"ጠጁን ግን አንተ አላጠጣኸኝም" አለ። "ብርጭቆውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። በጣም ጠምቶኝ ነበር። እሱን የራስህ አታድርገው።"

እጁን ያዝኩት። እጁም አብጦ ነበር።

"አዲሱን ስታስገባ ንቀለው" አለኝ።

ሐሙስ ዕለት ሞተ።

ወንድሙ ከዳላስ መጣ። ጁን ላይ አንዱን ሰጥቶ ሊመለስ ቀጠሮ የነበረው ልጅ፣ ከነሁለት ኩላሊቱ መጣ፣ ከነሁለት ኩላሊቱ ሊመለስ ነው። መልኩ የወንድሙ ነው፣ ዝምታውም። ለቅሶው ሲበተን ሞተሩን ይዤው እሄዳለሁ አለኝ፤ ፒክ አፕ መኪና ተውሶ ነበር። እኔ አዲስ ባትሪ አስገባሁ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሰካሁት። ፍትሐቱ አልቆ ስመለስ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ነቀልኩት። ውሃውን አየሁ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ነበር።

ከመሄዱ በፊት ቤቴ ምሳ አቀረብኩለት። ትንሽ ቀመሰና እጁን ሰበሰበ።

"በቃኝ፣ ጋሼ።"

እጄ ሳላውቀው ወደ እንጀራው ሄዶ ነበር። ቃሉም ምላሴ ላይ ደርሷል። እዚያው ያዝኩት። ልጁ የሚያየኝ ግራ ገብቶት ነው፤ ሳልለምነው ሰሃን ያነሳሁ የመጀመሪያው የእኛ ሰው ሳልሆን አልቀርም።

"እሺ" አልኩት።

ቁልፉን ሰጠሁት። ፒክ አፑ ላይ ከመጫኑ በፊት አንድ ዙር ልንዳው አለኝና ወጣ። እኔ ሰሃኑን ይዤ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። አንዴ ተጫነው፣ ተነሳ። ትንሽ ቆሞ አዳመጠውና ወደ ፌርፋክስ ታጠፈ። ከዓይኔ ሲሰወር ድምፁን ተከተልኩት። ሁለተኛ አስገባ፣ ከዚያ ሦስተኛ። ፍሪሲዮኑን በደንብ እየያዘ ነበር።